ሦስት ሕፃናት የጎደሉበት ድምር

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ቁጥሮች ሲደምሩኝ አደሩ።

የጤና ጣቢያ መረጃ ሠራተኛ ነኝ። ያለፈውን ዓመት ወሊድ ወር በወር በኮምፒውተር አስገብቼ መደመር የእኔ ሥራ ነው። ማታ ከቢሮ ስወጣ አዋላጃችን ሲስተር እልፍነሽ፣ «በእነዚህ እጆቼ የተቀበልኳቸው ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ናቸው። ያንተ ማሽን ሁለት መቶ አሥራ አራት ይላል። የትኞቹን ሦስቱን ልመልሳቸው?» ብላኝ ነበር። ሪፖርቱ የሚላከው ጠዋት ነው።

በሕልሜ ወርኃ መስከረም ራሱ መነጽሬን አድርጎ ወንበሬ ላይ ተቀምጧል። እኔን፣ ኃላፊያችንን አቶ ሽብሩንና ዘበኛውን ጋሽ ድንቁን ቁልቁል አሰልፎ ደመረን።

«ሁለት ተኩል» አለ።

«ሦስት ነን እኮ።»

«ዝም በል። ቁጥር አይናገርም።»

«ግማሹ ዘበኛው ነው» አለ ታኅሣሥ ከጎኑ። «በፈረቃው ይተኛል።»

ጋሽ ድንቁ አልተከራከሩም፤ ተኝተው ነበር።

ወዲያው ማዋለጃ ክፍል ገባሁ። ሕፃናት ነጭ ጋውን ለብሰው፣ እናቶችን በፎጣ እየጠቀለሉ ይመዝናሉ።

«ሰባ ሁለት ኪሎ። ደህና እናት ናት» አለ የሁለት ቀኑ። «ግን አላለቀሰችም።»

«ታለቅሳለች» አለ የሦስት ቀኑ። «አማቷ ገና አልመጡም።»

በሩ ላይ፣ ከአግዳሚው ጫፍ፣ ከጉልበቴ የማያልፍ አጭር ሰውዬ ሦስት ሕፃናት ታቅፎ ተቀምጧል።

«ለምን አትገባም?» አልኩት።

«አልጠራኸኝማ። ነሐሴ እንደገባ በሩን ዘጋህብኝ።»

«ማን ልበል?»

«በአምስት ቀን ስለምሄድ ማንም ስሜን አይዝም።»

ከሕፃናቱ አንዷ ጆሮዬን ጨምድዳ ያዘችና «ቁጠረኝ» አለችኝ።

ነቃሁ። ፊቴን ሳልታጠብ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ድምሩ ከመስከረም ተነሥቶ ነሐሴ ላይ ቆሟል። ከነሐሴ በታች፣ ብቻዋን፣ አንዲት ረድፍ አለች፦ ጳጉሜ፣ 3።

አስተካክዬ ቢሮ ሮጥኩ። ሲስተር እልፍነሽ መዝገቧን ታቅፋ እየጠበቀችኝ ነበር። አቶ ሽብሩ ወረቀቱን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጎበዝ። ግን ከላይ የተላከልን ቅጽ አሥራ ሁለት ረድፍ ነው ያለው። ጳጉሜን አይቀበልም።»

«ሕፃናቱስ?»

«ወደ አዲሱ ዓመት መስከረም አሳልፋቸው። እዚያ ይወለዱ።»

ሲስተር እልፍነሽ መዝገቧን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«እሺ አቶ ሽብሩ» አለች። «እናቶቹን እጠራለሁ። ምጡን እንዲደግሙት እርስዎ ይንገሯቸው።»