ምንም የማይጥመው አስናቀ

ያየውን ፊልም የማይወድ፣ ያልወደደውን ደግሞ ደጋግሞ የሚያይ አንድ ሰው የሌለበት ከተማ ከተማ አይባልም። ለደብረ ታቦር የደረሳት ክቡር ሊቀ ተንታኝ አስናቀ ነው። ሥራው ዲሽ መትከል ነው። ከጉና ተራራ የሚወርደው ነፋስ ዲሹን ያዞረዋል፣ አስናቀ ይመልሰዋል፤ እንጀራው ከነፋስ ነው ማለት ነው። የተረፈውን ጊዜ ፍርድ ሲሰጥ ይውላል።

የሮክ አልበም እንበል። ከሱቁ ድምፅ ማጉያ የሚወጣው የጊታር ጩኸት ወፍጮ ቤት ያስንቃል። አጠገቡ ጎመን የምትሸጠው ፈንታነሽ አንድ ቀን፣ "አስናቀ፣ ማሽንህ ከተሰበረ አጥፋው፤ ደንበኛ ሸሸብኝ" አለችው።

"ማሽኑ ደኅና ነው እቴ። የተሰበረው ቡድኑ ነው። እስከ ሦስተኛው አልበም ሰው ነበሩ፤ አራተኛው ላይ ጠገቡ። የጠገበ ሰው ጊታር አይመታም።"

ፈንታነሽ የፊተኞቹን ሦስቱን ሰምታ እንደማታውቅ በየዋህነት ነገረችው። ሦስቱንም አከታትሎ ከፈተላት። የዚያን ቀን ጎመኑ ጠወለገ።

ካባ ለብሰው የሚበሩት ልዕለ ኃያላን ደግሞ ኢድሪስ ቪዲዮ ቤት ይቀርቡለታል። መሀል አግዳሚ ላይ ይሰየምና፣ "ይኼ ሰውዬ ይበራል፤ የት እንደሚሄድ ግን አያውቅም። የይፋግ ሚኒባስ እንኳ መድረሻ አለው" ይላል። ከተማ ሲፈርስ ሌላው ያፏጫል፤ እሱ፣ "ማን ነው የሚጠርገው?" ብሎ ይጠይቃል።

"ወንድሜ፣ ሰው ከፍሎ የገባው አንተን ሊሰማ አይደለም" አለው ኢድሪስ።

"ልክ ነህ። እኔን በነፃ ነው የሚሰሙኝ።"

ስለ ባህል ወረራ የተበተነ በራሪ ወረቀት ሳያመልጠኝ ያነበብኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ካባ ለባሹንም ተንታኙንም እኩል ንቄ ነው የኖርኩት። አንድ ነገር ብቻ ልመስክርለት፦ አፉ ላይ መዝጊያ የሌለው ይህ ሰው፣ ፊልም እንዴት እንደሚያልቅ ለማንም ተናግሮ አያውቅም። "መጨረሻ የባለቤቱ ነው" ይላል።

ይኼው አስናቀ ገሳይ በምትባለው ጎረቤት ከተማ የምታስተምረዋን ዝናሽን ወደደ። የሰፈራችን መምህር ሞላ፣ ኢድሪስና እኔ ሽማግሌ ሆነን ሄድን። አባቷ አቶ ይሻው የድንች ነጋዴ ናቸው። በወጉ ቆመን ጠየቅን፤ እሳቸውም በወጉ፣ "እስቲ ልጁን ልየው" ብለው መለሱን። በሚቀጥለው እሁድ ይዘነው ሄድን።

ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል። የጠፋች እናቷን ስለምትፈልግ ልጅ የሚተርከው ትርጉም ፊልም የሳምንቱን ክፍሎች እየደገመ ነው። በአስናቀ ፍርድ ይህ ፊልም ከአርባኛው ክፍል ወዲህ ሬሳ ነው፤ "ማስለቀስ ሲያቅታቸው ዝናብ ያዘንባሉ" ሲል ሰምቼዋለሁ።

"ይኼን ታየዋለህ?" አሉት አቶ ይሻው።

"ጨርሼዋለሁ አባባ፤ በፍላሽ።"

ሰውየው ወደ እሱ ዞሩ። "እንግዲያው እናቲቱ ትገኛለች ወይስ ቀረች? እሱን ንገረኝና የሽማግሌዎቹን ጉዳይ ዛሬውኑ እንቋጨው።"

ከዚያ የረከሰ ጥሎሽ ሰምቼ አላውቅም። ትገኛለች፣ አትገኝም፤ አንድ ቃል። መምህር ሞላ በዱላቸው ጫፍ እግሩን ጎሰሙት።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ። እሱን አልነግርዎትም።"

"እኔው ነኝ እኮ የምለምንህ።"

"ይህን ያህል ጊዜ የጠበቁትን ነጥቄዎት፣ ነገ በምን ዓይኔ አይዎታለሁ?"

"ግትር ነህ" አሉ አቶ ይሻው። "እንግዲያው እሁድ እሁድ እየመጣህ እስኪያልቅ አብረኸኝ ታያለህ። ቃል ሳትተነፍስ። እዚያ ቪዲዮ ቤት የምታደርገውን ሰምቻለሁ። አንዲት ቃል ካመለጠችህ፣ ሁለተኛ ሽማግሌ እንዳትልክብኝ።"

"ስንት እሁድ ቀረው?" አለ ኢድሪስ።

"አሥራ ዘጠኝ" አለ አስናቀ። ፊቱ አመድ መስሏል።

ዝናሽ በሩ ድረስ ሸኘችን። "ነግረኸው ቢሆን ዛሬ ተመርቀን ነበር" አለችው።

"ተናደድሽ?"

"ተናድጃለሁ። አፍህን ትችለዋለህ?"

"እንጃ።"

"ቻለው።"

ቻለው። ሚኒባስ ሲጠፋ እህል በጫነ አይሱዙ ሄደ፤ አንድ እሁድ ግማሹን በእግሩ። እኔም ሁለት ሦስቴ አጀብኩት። ዝናቡ በመስኮቱ ሲወርድ፣ ልጅቱ ስታለቅስ፣ ባላንጣዋ ወንድሟ ሆኖ ሲገኝ፣ አስናቀ ጉልበቱን ጨብጦ ያልበዋል። አንዴ አስነጠሰው። አቶ ይሻው ቀና አሉ፤ "ይኼ ቃል ነው?"

"ጉንፋን ነው አባዬ" አለች ዝናሽ።

ችግሩ የተረፈው ለእኛ ነው። "አፍና በሬ አንድ ናቸው፤ ሳይለማመዱ አይጠመዱም" ብሎ ከሰኞ እስከ ቅዳሜም ዝም አለ። ኢድሪስ ቤት ከተማ ይፈርሳል፣ ማንም ስለ ጠራጊው አይጠይቅም። ሰዎች ይበራሉ፤ በረው ያርፋሉ፤ በቃ። ሁለት ሰዓት ሙሉ እንዲህ ያለ ባዶ ነገር ስናይ እንደኖርን ያን ጊዜ ነው የገባን። ፈንታነሽ ራሷ፣ "ያ ጩኸት ምነው ጠፋ?" ብላ ጠየቀችኝ።

አሥራ ዘጠነኛው እሁድ ደረሰ። ሦስታችን ሽማግሎች በሩ አጠገብ ቆምን። ፊልሙ አለቀ። አቶ ይሻው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ወደ አስናቀ ዞሩ።

"አሁን አፍህ ተፈትቷል። እንዴት ነበር?"

መምህር ሞላ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አስናቀ የአቶ ይሻውን እርጥብ ዓይን አየ።

"ከእርስዎ ጋር ሲያዩት ደኅና ነው።"

"እሱን አልጠየቅሁህም።"

"አውቃለሁ አባባ።"

ሰውየው ሳቃቸው አመለጣቸው። "ዝናሽ" አሉ፣ "ለሽማግሌዎቹ ወንበር አምጪላቸው። ቆመው ቀሩ እኮ።"

ተቀመጥን፤ መረቅን፤ ቀን ቆረጥን። የመልሱን ሚኒባስ ተሳፍረን የገሳይን የመጨረሻ ቤት እንዳለፍን፣ አስናቀ ወደ እኔ ዞረ።

"አርባ አንደኛው ክፍል" ብሎ ጀመረ።

ዝናቡን ጀመረ፤ ሙዚቃውን አስከተለ፤ ወንድምዬውን ገና አልነካውም። እጁ ጣራውን ይመታል። መምህር ሞላ አንቀላፍተዋል፤ ኢድሪስ ጆሮውን ይዟል። ደብረ ታቦር ለመድረስ ብዙም አልቀረንም። ወደ ፊት ጠጋ ብዬ ሹፌሩን ትከሻውን ነካሁትና፣ እባክህ ቀስ ብለህ ንዳ አልኩት።