ሀሚዱ ያሸተተው ባጃጅ

አስፈራሪ የሌለው ሰፈር የለም። ሠርግ ቤት ገብቶ ሙሽራዋን ሳይሆን የድንኳኑን ካስማ የሚያይ፣ አዲስ ግንብ ሲመረቅ ስንጥቁን በጣቱ የሚለካ፣ "አልነገርከንም እንዳትሉኝ፣ ነግሬያችኋለሁ" ብሎ የሚሄድ ሰው አንድ ለየሰፈሩ ተመድቧል። ሐይቅ ከተማ፣ ለእነ መስኡዳ ሰፈር የተመደበው ሀሚዱ ነበር።

ሀሚዱ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ግራ ቅንድቡ የሌለ ሰው ነው። ሌላው አስፈራሪ በዓይኑ ያያል፤ እሱ ያሸታል። የባለሱቋን የፈዲላን ስልክ እያወራችበት ከጆሮዋ ላይ ወስዶ አሽትቶታል። "አብጧል" አለና አሸዋ በሞላ ባልዲ ቀበረው። አዲስ አበባ ላይ ሚኒስቴሮች ሲታጠፉና ሲዘረጉ፣ ሰፈሩም አልቀረበትም፤ "ክቡር የሽታ ሚኒስትር" ብሎ ሾመው። ክቡርነታቸው ሹመቱን ሰምተው አልሳቁም። "ፈሳሽ አይታመንም" ብቻ አሉ። ሁልጊዜም የሚሉት ይህንኑ ነው።

ሀሚዱ ግቢ ውስጥ ያበጡ የስልክ ባትሪዎች የተቀበሩበት የአሸዋ በርሜል አለ። ፀሐይ ሲበረታ ከበርሜሉ ውስጥ "ጠቅ" የሚል ድምፅ ይሰማል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ "ጠቅ"። ቢስሚላህ ሳይል በዚያ አጥር ሥር የሚያልፍ አልነበረም።

ከጦርነቱ በፊት ሀሚዱ ደሴ አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ቴክኒሽያን ነበር። የማይቃጠል የመኪና ባትሪ ለመሥራት ከሚደክሙ ሰዎች ጋር ስድስት ዓመት ሠርቷል። የመኪናው ባትሪ ሆድ ውስጥ ኤሌክትሪኩን ከወዲህ ወዲያ የሚያሻግር ፈሳሽ አለ፤ ፈሳሹም እንደ ቤንዚን ይነድዳል። እነሱ ፈሳሹን አውጥተው በምትኩ እንደ ሸክላ የተጠበሰ ስስ ገበታ ሊያስገቡ ይፈልጋሉ።

"ታዲያ የባትሪ ድንጋይ አይደል የምትሠሩት?" አለችው ፈዲላ። "እኔ ሱቅ ሞልቶ የለም እንዴ!"

"ያንቺ ድንጋይ ውስጡ እርጥብ ነው። እኛ የምንፈልገው የምር ድንጋይ የሆነ፣ መኪና የሚነዳ ነው።"

"ድንጋይ መኪና ሲያቆም እንጂ ሲነዳ አላየሁም፣ ወላሂ!"

ሰፈሩ ለሳምንት ሳቀበት።

መስኡዳ ግን ከሁሉም በላይ የተማረረችበት ነበረች፤ ጎረቤቱ ናት። ኩዌት ሰባት ዓመት ሠርታ ተመልሳ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ገዝታለች፤ እሷንና ልጇን ኢንሳፍን የሚያኖራቸው እሱው ነው። ባጃጁ ድምፅ የለውም። ከኋላ ሲመጣ ጥላ የመጣ ይመስላል። ሀሚዱ በየማለዳው አጥሩ ላይ ይቆምና አየሩን በአፍንጫው ይስባል፤ ከዚያ ሳይናገር ይሄዳል። እሷን የሚያበሳጫት ይሄ ዝምታው ነበር።

አንድ ረቡዕ በወልድያ በኩል ተኩስ ተሰማና መንገዱ ተዘጋ። መስኡዳ ተሳፋሪዎቿን ይዛ በሐይቁ ዳር በማሳው መሃል ስታመልጥ የባጃጁን ሆድ ድንጋይ መታው። ባጃጁ ግን መሄዱን አላቆመም። ሀሚዱ ሰምቶ መጣ፣ መሬት ላይ በጀርባው ተንጋልሎ አየው።

"ተጎድቷል። ባትሪውን አውጪው።"

"አያ ሀሚዱ፣ ይሄዳል እኮ!"

"የሚሄድ ሁሉ ጤነኛ ነው?"

"በምን ልብላ ታዲያ? በሽታ?"

ሀሚዱ አቧራውን አራግፎ ሄደ።

አርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ ኢንሳፍ ትኩሳት ይዟት ውስጥ ተኝታለች። ባጃጁ ከመስኮቱ ሥር ቆሟል፤ ቻርጅ ላይ እንኳ አልነበረም። መስኡዳ ለሶላት ውዱእ ስታደርግ የሆነ የሚጣፍጥ ነገር ሸተታት፤ ከልክ በላይ የበሰለ ዘይቱን የመሰለ። "ማን ዘይቱን ገዛ?" ብላ ዞር ስትል ሀሚዱ አጥሩን ዘሎ ግቢዋ ውስጥ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል። ቤት ገባ፣ ልጅቱን ከነብርድ ልብሷ አንስቶ መስኡዳ እቅፍ ላይ ጣለና "ወደ ላይ ሂጂ፣ ከጭሱ ማዶ" አላት።

"የምን ጭስ?"

ጭስ አልነበረም። ሀሚዱ ባጃጁን እየገፋ ቁልቁል ወደ ባዶው ሜዳ ወሰደው።

ሰው ተሰበሰበ። ባጃጁ ሣር ላይ ፀጥ ብሎ ቆሟል። ሀሚዱ ሃያ እርምጃ ርቆ ቆሞ ማንንም አያስጠጋም። ሩብ ሰዓት አለፈ። ግማሽ ሰዓት። "ክቡር ሚኒስትር፣ ስብሰባው መቼ ይጀመራል?" አለ አንዱ። አንድ ሰዓት ሲሞላ ሰው እየሳቀ ተበተነ። መስኡዳ ኢንሳፍን ለፈዲላ ሰጥታ፣ ባጃጇን ልታመጣ ወረደች።

"ተው አሳልፈኝ!"

ክንዷን ያዛት። በዚያ ቅጽበት ከባጃጁ ሆድ ውስጥ "ጠቅ" አለ። ቀጥሎ ባጃጁ ተነፈሰ። ረጅም፣ ቀጭን፣ በጥርስ መሃል የሚወጣ የመሰለ ትንፋሽ። ነጭ ጭስ ወጣ፤ ግን ወደ ላይ አልሄደም። መሬት ለመሬት፣ ሣሩን እየዳሰሰ፣ ወደ እነሱ ይሳብ ጀመር። ሀሚዱ ጎትቷት ሮጠ። ከኋላቸው የነበልባሉ ግፊት ጆሯቸውን ዘጋው።

መስኡዳ ዞር ብላ ያየችው ባጃጇን አልነበረም። መስኮቷን ነበር፤ ከሥሩ የኢንሳፍ አልጋ ያለበትን።

ከሐይቁ ውኃ ተመላለሰ፣ እሳቱ ጠፋ። በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ማንም ሳይነካው፣ ቀዝቅዞ የነበረው ብረት እንደገና ነደደ። አጠፉት። በሦስተኛውም ቀን ነደደ። ፈዲላ "ይሄ ጂን ነው" ብላ ሱቋን ዘጋች። ሽማግሌዎች ጂኑን ለማባረር ቁርዓን ቀሩበት። ሀሚዱ ሦስቱንም ቀን ከሜዳው አልተነሳም፤ ሣር ለመጋጥ የሚያልፈውን ከብት ሁሉ ይመልስ ነበር።

በሦስተኛው ቀን መስኡዳ ምሳ ይዛለት ሄደች፤ አጠገቡ ተቀመጠች።

"አያ ሀሚዱ፣ ቅንድብህን ምን በላው?"

"ውበቱ የሚባል ባልደረባ ነበረኝ" አለ። "በጦርነቱ ጊዜ የቤተ ሙከራው መጋዘን ተቃጠለ፤ ማን እንዳቃጠለው አልታወቀም። ሁለታችን አጠፋነው። በማግስቱ ማስታወሻ ደብተሮቹን ላውጣ አለኝ። የስድስት ዓመት ሥራ ነው። 'ጠፍቷል ወይ?' ብሎ ጠየቀኝ።" ሀሚዱ የጠቆረውን ብረት ተመለከተ። "ጠፍቷል አልኩት። እንደገባ እንደገና ነደደ። እኔ ነኝ ጠፍቷል ያልኩት።"

መስኡዳ ምሳውን ገልጣ አቀረበችለት።

"ቤተ ሙከራው እንደገና ተከፍቷል" አለ። "ና ብለው ከጻፉልኝ ሁለት ወር ሆነኝ።"

"ታዲያ?"

"እፈራለሁ።"

"እኛን ስታስፈራ ኖረህ!" አለችው፤ ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ። "ሂድ አያ ሀሚዱ። የኔ ልጅ አልጋዋ ላይ አልቀረችም። የሌላዋም እንዳትቀር ሂድ።"

ሄደ። ሰፈሩ ፀጥ አለ። መስኡዳ የሰው ባጃጅ እየነዳች ቆየች፤ ማለዳ ማለዳ አጥሩን እያየች የሆነ ነገር የጎደላት ይመስላት ነበር። የደሴው መንገድ ተዘግቶ ከርሞ ሲከፈት፣ ስንቅ ቋጥራ በመጀመሪያው ሚኒባስ ደሴ ሄደች።

ቤተ ሙከራው ግማሽ መስኮቱ አሁንም ላስቲክ ነው። የቡድኑ መሪ ዶክተር አሰገደች ጠረጴዛው ላይ የሻይ ከረጢት የምታክል ጠፍጣፋ ባትሪ አሳየቻት። ሸክላው ብቻውን ሲሆን እየተሰነጠቀ አስቸገራቸው፤ በስንጥቁም ውስጥ ከባትሪው ብረት እንደ ፀጉር የቀጠነ ነገር እየበቀለ ወዲያኛው ጎን ይደርስና ባትሪውን ይገድላል። አሁን የሸክላውን ዱቄት ከፕላስቲክ ጋር ለውሰው ስስ ቆዳ አድርገውታል። ከባትሪዋ ጋር የተያያዘች ጤፍ የምታህል መብራት በርታለች።

ዶክተሯ ባትሪዋን ልትቆርጥ መቀስ አነሳች። ሀሚዱ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ዓይኑን ጨፈነ።

ቀጭ።

ጭስ የለም። ትንፋሽ የለም። መብራቷ ትንሽ ደከመች እንጂ አልጠፋችም።

"መስኡዳ" አለ ዓይኑን እንደጨፈነ፤ "ምን ሆነ?"

"ምንም።"

"ምንም?"

"ምንም አልሆነም፣ ወላሂ። ግለጥና እየው።"

ገለጠ። መብራቷን እያየ ቆመ፤ እጁን ጉንጩ ላይ እስኪጭን ድረስ ማልቀሱን ራሱም አላወቀም። መስኡዳ አላየሁም ለማለት ስንቋን ትፈታ ጀመር።

"ባጃጅ የሚያህለው መቼ ይደርሳል?" አለች።

"አሥር ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ላይሳካም ይችላል።"

"አብሽር፣ ኢንሳፍ ትነዳዋለች። አሁን ብላ፤ ደሴ ከስተህብኛል።"