ካርታው በማን ስም ነው?

እንደ ተማረ ሰው በቀላሉ የሚሞኝ የለም! አትቆጡ... ስለ ራሴ ነው የማወራው።

የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ሱሉልታን ሊውጥ ነው ተብሎ አገሬው ስለ መሬቱ እንቅልፍ ባጣበት ሰሞን፣ እኔ ለባለቤቴ ለአልማዝ የአይብና የቅቤ ንግድ ዌብሳይት አሠራሁ። ሰው መሬቱን ሲጠብቅ እኔ ኢንተርኔት ላይ ቦታ ያዝኩ። አቤት አርቆ አሳቢነት! አልማዝ ግን ከልቧ ተደሰተች፤ የአዲስ አበባ ደንበኞቿ በዚያ አድራሻ ማዘዝ ሲጀምሩ በየማሸጊያው ላይ አሳተመችው።

ወሬውን የሰሙት ጎረቤታችን ኦቦ ደበላ፣ የአባታቸውን መሬት የሚያርሱ ሽማግሌ፣ ሊጠይቁኝ መጡ።

«አካም ጅርታ? ቦታ ያዝክ አሉኝ።»

«ቦታ አይደለም ኦቦ፣ ዶሜይን ነው። የዌብሳይት ስም።»

«ማነው የሚሰጠው?»

አስረዳኋቸው። ሬጅስትሪ ዋናውን መዝገብ ይይዛል። ሬጅስትራር ክፍያ ተቀብሎ መዝገቡ ላይ ያስገባል፤ በየዓመቱም ያድሳል። ሬጅስትራንት ደግሞ ባለይዞታው ነው፤ ማለትም እኔ! ደረቴን ነፋሁ።

«ገባኝ። ካርታው በማን ስም ነው?»

«ኦቦ! ኢንተርኔት ምን ካርታ አለው?»

«ስምህን ወረቀት ላይ አይተኸዋል ወይ ነው የምልህ።»

ሳቅኩባቸው። ምን አሳቀኝ? በዶላር የሚከፍል ካርድ ስለሌለኝ ዌብሳይቱን የሠራው ባለሙያ ውጭ አገር ባለው አጎቱ ካርድ ዶሜይኑን ገዝቶልኛል። ሁላችንም እንዲያ አይደል የምናደርገው?

ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተባለ፤ በእሱ ሰበብ የተነሣው ሁከት ግን አልበረደም። መንገድ ተዘጋ፣ ኢንተርኔት ጠፋ። ሰው እየሞተ ስለ አይብ ዌብሳይት ማሰብ ያሳፍራል፤ እያፈርኩም አሰብኩ። ኢንተርኔቱ ሲመለስ አድራሻችንን ከፈትኩት... የቁማር ማስታወቂያ!

ለሬጅስትራሩ ጻፍኩ። ትሕትናው ልብ ይነካል፤ «ውድ ደንበኛችን» ይልና የእድሳት ማሳሰቢያውን በተደጋጋሚ ለባለይዞታው ልኬያለሁ ይላል። ባለይዞታው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አጎትየው፣ የካርዱ ባለቤት! እሳቸው ደግሞ ማስታወቂያ መስሏቸው ሲያጠፉት ከርመዋል። ጊዜው ሲያልፍ ስሙን ሌላ ሰው ወሰደው። «የእርስዎ ስም ግን መዝገባችን ላይ የለም» ሲል ደመደመ።

አልማዝ ማሸጊያዎቹን ታቅፋ አለቀሰች። ደንበኞቿ አይብ ብለው ገብተው ቁማር ነው የሚያገኙት። እኔም የምገባበት ጠፋኝ።

ኦቦ ደበላ ሰምተው መጡ። ይስቁብኛል ስል አጠገቤ ተቀመጡ።

«አቤት የሚባልበት ወረዳ የለውም?»

«ባሕር ማዶ ነው ኦቦ።»

«የወሰደብህስ ማነው?»

«አይታወቅም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይ ልጄ... እኛስ ሊነቅለን የሚመጣውን ሰው መልኩን እናውቀዋለን።»