ጋሽ ኃይለመስቀልና ፈረስ ያጣው መልእክተኛ

በየመሥሪያ ቤቱ ለተቀጠረበት ሥራ ሳይሆን ታሪክ ለመንገር የተፈጠረ አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ የተመደቡልን ክቡር ጋሽ ኃይለመስቀል ናቸው። መኖሪያቸው ሮምሶስ የሚባለው የኦስሎ ሰፈር፣ ማዕረጋቸው የጽዳት ሠራተኛ ነው፤ ሲያወሩ ግን የሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ሰው ናቸው።

የምናጸዳው ከኦስሎ መውጫ ላይ ያለውን አሮጌ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ኖርዌይ በዴንማርክ ንጉሥ ስትገዛ መንገደኛ ፈረስ የሚለውጠው እዚህ ነበር፤ ምድር ቤቱ መጠጥ ቤት፣ ፎቁ መኝታ። ዛሬ ቱሪስት ይጎበኘዋል። "ታሪኩን ሳታውቂ መጥረጊያ አትጨብጪ!" ይላሉ ጋሽ ኃይለመስቀል። እኔ ባላውቀው ይሻለኝ ነበር።

ሥራ በጀመርኩ ዕለት አራተኛውን ክፍል አሳዩኝ።

"ጤናዬ፣ እዚህ አልጋ ላይ የንጉሡ መልእክተኛ ሞቷል። በረዶ መንገድ ዘግቶበት ፈረስ አጣ። ሦስት ቀን ሙሉ በዱላው ወለሉን እየደበደበ 'ፈረሴን!' ሲል ቆይቶ አረፈ። አሁንም ይደበድባል።"

"እርስዎ ሰምተዋል?"

"ያ! ስንቴ!" አሉ፤ አዎን በኖርዌይኛ ማለታቸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ጣውላ በተንቋቋ ቁጥር መወልወያዬን ጥዬ ደረጃውን እወርዳለሁ። ሥራውን እንዳልተው ልጄ ሶልያና አዳማ አክስቷ ጋ ናት፤ ላመጣት የምችለው ቋሚ ሥራ ካለኝ ብቻ ነው። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ሼፈን የምንላት አለቃችን አንድ ክፍል ሳይጸዳ ካገኘች አለቀልኝ። እንዲያም ሆኖ አራተኛውን ክፍል በበሩ አጮልቄ አይና እሮጣለሁ። ደግነቱ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። ሙት አቧራ አያስነሳም ብዬ ተጽናናሁ።

አንድ ቀን ከጽዳት ጋሪያቸው ላይ የመርጫ ጠርሙስ አንስቼ መስታወት ወለወልኩበት። ጋሽ ኃይለመስቀል ጮኹ። ለካ ከቤተ ክርስቲያን ያመጡት ጠበል ኖሯል!

"ሥራ ቦታ ምን ያደርግልዎታል?"

"ለወገቤ ነው" አሉ። ወገባቸውን ደግሞ ሥራ ጎድቶት አያውቅም፤ እኔ እስከማውቀው።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ ሰዓት ቀድሜ ደረስኩ። በሩን ስከፍት ፎቅ ላይ ወለሉ ተደበደበ። ዷ! ዷ! ዷ! ልሮጥ ዞርኩ፤ ሶልያና ትዝ አለችኝ። መወልወያዬን እንደ ጦር ይዤ፣ ስመ ሥላሴ እየጠራሁ ደረጃውን ወጣሁ።

የአራተኛው ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ጋሽ ኃይለመስቀል ግማሹን በወለወሉልኝ ወለል ላይ በአንድ እጃቸው መወልወያ፣ በሌላው ጠበላቸውን ይዘው ቆመዋል። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ የመወልወያው እንጨት ወለሉን ይመታል። ባዶውን አልጋ ያናግራሉ።

"ጌታዬ፣ ፈረስዎ እየመጣ ነው። እኔም ስፈራዎ ሃያ ዓመቴ። ልጅቷ ግን ከእኔ የባሰች ፈሪ ናት፤ ልጇንም ልታመጣ ነው። እስከዚያ እንዳያስደነግጧት፤ አደራ።"

ኮቴዬን አጥፍቼ ወረድኩ። እኚህን ሽማግሌ ስንት ጊዜ አምቻቸዋለሁ!

በማግሥቱ ከእሳቸው ቀድሜ ገባሁ። የአራተኛውን ክፍል በር ለመሮጫ ከፍቼ ትቼ ወለወልኩ። ስጨርስ ወደ አልጋው ዞርኩና ድምፄን ዝቅ አድርጌ፦

"ጌታዬ፣ ሽማግሌው ከእኔ የባሱ ፈሪ ናቸው" አልኩት፤ "አደራ።"