ድንጋይ ያንሳ ወይስ አያንሳ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ለማለት አትቸኩሉ። የዛሬው ነገር በረት የለውም፤ ያለው አንድ ምንጭ፣ አንድ የሾላ ዛፍና ብዙ ወሬ ነው።

በድሮ ዘመን፣ አውሬ ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚናገርበትና መናገር ከጀመረም በማያቆምበት ጊዜ፣ በአንድ ዱር ውስጥ የውሃ ተራ የሚያዘው በቡጢ ነበር። ዝሆንና አውራሪስ ከባድ ሚዛን ናቸው፤ እነሱ መቼም መጋጠም አያስፈልጋቸውም፣ ሲጠማቸው መጥተው ይጠጣሉ፣ የሚቆጣቸውም የለም። ከእነሱ በታች ያለው የመካከለኛ ሚዛን ሻምፒዮን ከነዘመዶቹ ጠዋት ጠዋት ጥሩውን ውሃ ይጠጣል። ቀላል ሚዛኖቹ ግን ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ መጥተው የተረፈውን ጭቃ ይልሳሉ። መመዘኛውም ያው ሾላው ነበር። ተጋጣሚው ከምንጩ በላይ በተዘረጋው ቅርንጫፍ ላይ ወጥቶ ይቀመጣል። ቅርንጫፉ ካልተነቃነቀ ቀላል፣ ጎንበስ ብሎ ውሃውን ከነካ መካከለኛ፣ ከተሰበረ ከባድ ነው።

ጥንቸሉ አሸብር የቀላል ሚዛን ሻምፒዮን ነበር። ስሙን ያወጡለት አባቱ ናቸው፤ ልጄን የሚያይ ሁሉ ይሸበራል ብለው ነው። እሱን አይቶ የተሸበረ ባይኖርም፣ መትቶ ያገኘውም አልነበረም። የቡጢ ስልቱ እግሬ አውጪኝ ነው። በግራ ሲጠብቁት በቀኝ፣ በቀኝ ሲጠብቁት ከኋላ ብቅ ብሎ አፍንጫ ጠቅ ያደርግና ይሮጣል። ተጋጣሚው በመጨረሻ ደክሞት ቁጭ ሲል፣ ዳኛው ቁጭ ያለው ተሸንፏል ይላል።

በዚያ ዓመት በጋው ጠና። ጭቃውም አለቀ። የአሸብር ልጆች ምላሳቸው ደርቆ፣ ማልቀስ እንኳ አቅቷቸው ጉድጓዳቸው ውስጥ ተጋደሙ። ይህን ያየ አባት ምን ያደርጋል? የመካከለኛ ሚዛኑን ሻምፒዮን ከርከሮን እገጥማለሁ ብሎ ተነሳ። ከርከሮን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ አንገት የለው፣ ሐሳብ የለው፣ ሲመታ ግን አይደግምም።

ወደ ላይኛው ሚዛን ለመውጣት መጀመሪያ መክበድ ያስፈልጋል። እንዴት ይክበድ? ይህን አሸብር ራሱ መወሰን ይችል ነበር። እሱ ግን ጨዋ ነውና ነገሩን ለሽንጎ አቀረበው።

ሽንጎውን የሚመሩት አያ ጎሽ ነበሩ። ቀድመው የተናገሩት ግን አቶ አህያ ናቸው። አቶ አህያ ሰው አገር ብዙ ዘመን ሠርተው የተመለሱ ስለሆኑ፣ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ሽንጎው ሁሉ ጆሮውን ያቆማል።

«እኛ ሰው አገር በነበርንበት ጊዜ» አሉ አቶ አህያ፣ «ሳይሸከም የጠነከረ አላየንም። ልጁ ድንጋይ ያንሳ! ጠዋት ያንሳ፣ ማታ ያንሳ። ጡንቻ ሳይዝ ወደ ላይ ከወጣ የከርከሮ ቁርስ ነው።»

እመት ጦጢት ከዛፍ ላይ ሆነው ሳቁ። «አይ አቶ አህያ! እርስዎ ዕድሜ ልክዎን ተሸክመው መቼ ነው ያሸነፉት? ሲጭንዎት የኖረው ሰውዬ እኮ አንድ ቀን እንኳ አልተሸከመም። ድንጋይ ገላ ያደርቃል። የዚህ ልጅ ሀብቱ እግሩ ነው። ክብደቱን በመብል ይጨምር እንጂ ድንጋይ የሚባል እንዳይነካ!»

ሽንጎው ለሁለት ተከፈለ። ያንሳ ባዮችና አያንሳ ባዮች በአንድ መንገድ መሄድ ተዉ። ጃርት ከባሏ ጋር ተኳረፈች። ክንድ የሌለው ዓሣ እንኳ ከምንጩ ብቅ ብሎ ስለ ክንድ አስተያየት ሰጠ።

እዚህ ላይ የዚያን ሽንጎ ልማድ ልንገራችሁ። ከዚያ ሽንጎ ተረትቶ ወደ ቤቱ የሚገባ የለም። ሽማግሌዎቹ የመጣላቸውን ነገር ሁሉ ግማሽ ግማሽ አካፍለው፣ ሁለቱንም ወገን አስታርቀው ይሸኛሉ። አንድ ጊዜ ነብርና ሚዳቋ ተካሰው ቀርበው ነበር። ነብር ልብላት ይላል፣ ሚዳቋ አልበላም ትላለች። ሽንጎው ማንም እንዳይከፋው ብሎ ግማሿን ብቻ ይብላ ሲል ፈረደ። ሚዳቋዋ ተመልሳ አላማረረችምና ፍርዱ እስከ ዛሬ ይወደሳል።

አያ ጎሽ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አቶ አህያም እውነት ብለዋል፣ እመት ጦጢትም እውነት ብለዋል። ሁለቱንም ቅር ማሰኘት አይገባም። ስለዚህ ልጁ በቀኝ ጎኑ፣ በእጁም በእግሩም፣ ድንጋይ ያንሳ። ግራ ጎኑ ግን እንደ ተፈጠረ ይቆይ።»

ሽንጎው በእልልታ ቀለጠ። አቶ አህያና እመት ጦጢት ተቃቅፈው ተሳሳሙ፤ አቶ አህያማ እንባቸው መጣ።

አሸብር ቤቱ ሲገባ ሚስቱ እማዋይሽ በር ላይ ጠበቀችው።

«ምን አሉህ?»

«በቀኝህ አንሳ፣ በግራህ አታንሳ አሉኝ።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«ትልልቆች ተነጋግረው በጨረሱት እኔ ምን እላለሁ? ደግሞ ስንቱ ተኳርፎ የከረመ ታርቋል። በእኔ ምክንያት እንደገና ይጣሉ ወይ?»

«አሸብር፣ ልጆቹ የሚፈልጉት ውሃ ነው።»

«ለእሱው አይደል የማነሳው?» አለና ድንጋይ ሊፈልግ ወጣ።

አነሳም። ቀኝ ትከሻው አበጠ፤ ደረቱ በግማሽ ተነፋ፤ ክንዱ ዘነዘና አከለ። ግራ ጎኑ ያው የድሮው ጥንቸል ነው። ልጆቹ በግራ በኩል ሲመጣ «አባዬ!» ይላሉ፤ በቀኝ በኩል ሲመጣ ግን ባዕድ መስሏቸው ይሸሻሉ። አባቱ ያወጡለት ስም ያኔ በመጠኑም ቢሆን ሠራ። አቶ አህያ በየቀኑ እየመጡ ቀኙን ይዳብሱና «ይኼ የእኔ ሥራ ነው» ይላሉ። እመት ጦጢትም ግራውን ዳብሰው «ይህችን ያተረፍኳት እኔ ነኝ» ይላሉ። አሸብር ለሁለቱም እጅ ነስቶ ድንጋዩን ያነሳል።

የግጥሚያው ቀን ደረሰ። አሸብር ቅርንጫፉ ላይ ሲወጣ ቅርንጫፉ ወደ ቀኝ ተጣሞ ጎንበስ አለና ውሃውን ነካ። ይጣመም እንጂ ነክቷል። መካከለኛ ሚዛን! አውሬው ሁሉ አጨበጨበ። እማዋይሽ ብቻ ልጆቹን አቅፋ የተጣመመውን ቅርንጫፍ አየች።

ግጥሚያው ሲጀመር አሸብር እንደ ልማዱ እግሬ አውጪኝ ብሎ ተነሳ። ቀጥ ብሎ መሮጡ ነበር ሐሳቡ። ከባዱ ጎኑ ግን ወደ ራሱ ጎተተውና ሩጫው ክብ ሆነ። ቀጥ ልበል ባለ ቁጥር ባሰበት። ውድማ ላይ እንደሚያበራይ በሬ ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ።

ከርከሮ መጀመሪያ ሊያሳድደው ተነስቶ ነበር፤ ኋላ ተወው። ለምን ይድከም? ባለበት ቆሞ ጠበቀው። ሌላው ዞሮ ዞሮ ከቤቱ ይገባል፤ አሸብር ግን ዞሮ ዞሮ ከከርከሮ ፊት ገባ። ከርከሮ አንድ ጊዜ መታው። አልደገመም።

አሸብር አቧራው ውስጥ እንደ ተዘረረ ሽንጎው እዚያው አጠገቡ ተሰበሰበ።

«አላልኳችሁም?» አሉ አቶ አህያ። «ግራው ስላላነሳ እኮ ነው የወደቀው!»

«ቀኙ ስላነሳ ነው እንጂ!» አሉ እመት ጦጢት። «እግሩን ገደላችሁት! ድሮ ማን ይነካው ነበር?»

ጆሮና ጅራት ሊያያዙ ሲሉ አያ ጎሽ መሃል ገቡ። «ተዉ፣ ተዉ! ሁለታችሁም እውነት ብላችኋል። ለከርሞ በጋ ከወገቡ በላይ ያንሳ፣ ከወገቡ በታች አያንሳ።»

እንደገና እልልታ ሆነ። አቶ አህያና እመት ጦጢት ለመተቃቀፍ አሸብርን ተራምደውት አለፉ። ወዲያ ማዶ የከርከሮ ዘመዶች ውሃውን ሲያንቦጫርቁ ይሰማል፤ እማዋይሽና ልጆቹ በደረቀው ጭቃ ዳር ቆመዋል።

አያ ጎሽ ወደ አሸብር ጎንበስ አሉ። «አይዞህ ልጄ። ይኸው ታረቅን፤ አንተም ደስ ይበልህ።»

አሸብር በግራ እጁ ተደግፎ ሊነሳ ሞከረ፤ ግራው አልቻለውም። በቀኙ ቢሞክር ቀኙ ገለበጠው። ተመልሶ ተዘረረና ወደ ልጆቹ አየ።

«እናንተማ ታርቃችኋል፣ አያ ጎሽ» አለ። «የተጣሉት የእኔ ቀኝና ግራ ናቸው። የጠማቸውም የእኔ ልጆች ናቸው።»