ወደ ሐይቅ ውሃ የሚጭኑት መምህር

በየቤተሰቡ እረፍት የሚያስተዳድር አንድ ሰው አለ። ሌላው ለማረፍ ሲሄድ እሱ የሚሄደው ለማሳረፍ ነው። ከተቀመጣችሁ ተነስታችሁ ንፋስ ተቀበሉ ይላል፤ ከተነሳችሁ ደግሞ ለእረፍት አይደለም እንዴ የመጣነው፣ ቁጭ በሉ ይላል። እናንተ ቤት እንዲህ ያለ ሰው ከሌለ ምናልባት ሰውየው እናንተው ናችሁ።

መካነ ሰላም ላይ ይህን ሥልጣን የያዙት መምህር ጀላል ናቸው። የስፖርት መምህር ናቸው፤ ፊሽካቸውን ከአንገታቸው የሚያወልቁት ለሶላትና ለእንቅልፍ ብቻ ነው። በየዓመቱ ነሐሴ ሲጋመስ ባለቤታቸውን ኑርጃንንና ሦስት ልጆቻቸውን አስከትለው ለአምስት ቀን ወደ ሐይቅ ከተማ ይወርዳሉ። የኑርጃን የአክስት ልጅ ኢልሀም እዚያ ከውሃው ዳር ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት አላት። እነሱ ሲመጡ ቁልፉን ታስረክብና ደሴ ልጇ ዘንድ ትሄዳለች። ቤቱ እንዳይጠባችሁ ብዬ ነው ትላለች። ኑርጃን ግን ፊሽካውን ሸሽታ እንደሆነ ታውቃለች።

ጉዞው ሳምንት ሲቀረው መምህሩ ከደብተር ሁለት ገጽ ገንጥለው በማስመሪያ ያሰምራሉ። ከ12፡30 እስከ 1፡00 ንጹህ አየር መቀበል። ከ1፡00 እስከ 1፡40 ቁርስ። ከ1፡40 እስከ 3፡00 ነፃ እረፍት፣ በተቆጣጣሪ። ከ3፡00 እስከ 3፡20 ውሃ መንካት፣ እስከ ቁርጭምጭሚት። ልጆቹ ካጉረመረሙ መልሳቸው አንድ ናት።

«እረፍትም ሥርዓት አለው።»

ከሚጫነው ዕቃ ሁሉ ግን ስማቸውን እስከ ደሴ መናኸሪያ ያስጠራው ቢጫው ጀሪካን ነው። ሃያ ሊትር የመካነ ሰላም ውሃ ይይዛል። የቆላ ውሃ ሆድ ይነፋል ብለው ያምናሉ፤ ለእሳቸው ከመካነ ሰላም ወጣ ያለ አገር ሁሉ ቆላ ነው። ጎረቤታቸው እትዬ በዛች በየዓመቱ በራቸው ላይ ቆመው፣ ወደ ሐይቅ ውሃ ጭኖ የሚሄድ ሰው ለማየት ዕድሜ የሰጠኝ አምላክ ይመስገን ይላሉ። መምህሩም በየዓመቱ ሆድዎን የነፋዎት ቀን ያስታውሱኛል ብለው ይመልሳሉ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። መምህር ጀላል ሳይመረቁ ከቤት አይወጡም። ከሱብሂ ሶላት በኋላ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ይጠራሉ፤ ሽማግሌዎቹም በየተራ ይመርቃሉ፤ የመጨረሻው ሳይጨርስ የተቀመጠ አይነሳም። ሸህ ሀቢቡላህ የጀመሩ እንደሆነ ለመንገዱ፣ ለሹፌሩ፣ ለጎማው፣ ለልጆቹ ትምህርት፣ ገና ላልተወለዱት የልጅ ልጆች ሳይቀር ይደርሳሉ። እትዬ በዛችም ከደጅ ሆነው አማትበው አሚን ይላሉ። መናኸሪያው ቅርብ ነውና የመኪናው ጡሩምባ ይሰማል፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ዝም ይላል። ሸህ ሀቢቡላህ «መንገዱን ጨርቅ ያርግላችሁ» ብለው ይደመድማሉ። እስከ አምና ከተጓዙበት አሥራ አንድ ዓመት በአራቱ መንገዱ ጨርቅ ሆኖ መኪናው ያለ እነሱ ሄዶበታል፤ እነሱ በማግስቱ።

መኪናው የተገኘ ዓመት ደግሞ ረዳቱ ጀሪካኑን ያሸተዋል። ዘይት ነው? ጋዝ ነው? ውሃ ነው ሲሉት ክዳኑን ከፍቶ እንደገና ያሸታል። ወዴት ነው የምትሄዱት ይላል፤ ወደ ሐይቅ ሲባል ተሳፋሪው እስከ አቀስታ ድረስ ይስቃል። ኑርጃን በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። በመጀመሪያው ዓመት አፍራ ነበር። አሁን ማፈሩም ደክሟታል።

ሐይቅ ሲደርሱ ጀሪካኑ ከበሩ ጀርባ ይቀመጣል። በሻይ ብርጭቆ ተለክቶ ለመጠጥ ብቻ ይቀዳል። አንዴ ትልቋ ልጅ ሩፋይዳ በሁለት ብርጭቆ ፀጉሯን ብታርስበት ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ስለ ውሃ አጠቃቀም ገለጻ ተደርጎላታል።

ኑርጃን የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር። ጀልባ ላይ ወጥታ፣ እጇ ምንም ሳይዝ፣ መሀል ሐይቁ ላይ ትንሽ መቀመጥ። ምክንያቷ ቀላል ነው። ሴት መሬት ላይ እስካለች ድረስ ሰው ይጠራታል። እረፍት በተባለው አምስት ቀን እንኳ የምትሠራው መካነ ሰላም የምትሠራውን ነው፤ የተለወጠው ምድጃው ብቻ ነው። መጡ ሲባል ከውጫሌም ከደሴም ዘመድ ይጎርፋል፤ ዘመድ ደግሞ ይበላል። መሀል ውሃ ላይ ግን ሽንኩርቱ የት ነው ብሎ የሚጠይቃት አይኖርም።

ጀልባው ፕሮግራሙ ላይ አለ። ሁልጊዜ አምስተኛው ቀን ላይ፣ ከሁሉ በታች፦ ጀልባ፣ አየሩ ከፈቀደ። በአሥራ አንድ ዓመት አየሩ ፈቅዶ አያውቅም። አንዱን ዓመት ንፋስ ነበር። አንዱን ደመና። አንዱን ዓመት ሰማዩ ጥርት ሲል መምህሩ ፀሐዩ አናት ይመታል አሉ። ኑርጃንም ለከርሞ ኢንሻአላህ እያለች ዕቃዋን ትሸክፋለች። እንደ ንፉግነት ቆጥራባቸው ነበር፤ በአፏ ግን አላወጣችውም።

አምና ግን በሁለተኛው ቀን፣ ቁርስ ላይ አወጣችው።

«ጀላል፣ ዛሬ ጀልባ እወጣለሁ።»

«አምስተኛው ቀን ላይ አለልሽ እኮ።»

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አምስተኛው ቀን ላይ ነው። ዛሬ ካልወጣሁ ለከርሞ እኔን ሳትቆጥር ፕሮግራምህን አስምር።»

ልጆቹ ማኘካቸውን አቆሙ። መምህሩ ወረቀቱን አነሱ፣ ገለበጡት፣ ከዚያ በበሩ ሰማዩን አዩ። ነሐሴ አልፎ አልፎ ከዝናብ መሀል የሚያወጣት ብሩህ ጠዋት ነበረች፤ ሰበብ የሚሆን አንድ ቁራጭ ደመና እንኳ አልነበረም። ኑርጃን ሰሃኑን ሳታነሳ፣ ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ አድርጋ አታውቅም፣ ሻሿን አስተካክላ ወደ ውሃው ወረደች።

ይሄነው የሚባለው ባለ ጀልባ ያውቃታል። በአሥራ አንዱም ዓመት ነሐሴ ላይ ከዳር ቆማ ስታይ አይቷታል። እጇን ይዞ ሲያስገባት «እኔማ ጀልባዬን ቀለም የምቀባው ለእርስዎ መስሎኝ ነበር፣ እትዬ» አላት። «ሲያዩት ነው እኮ የሚውሉት።»

ያን ጊዜ ፊሽካው ከኋላ ተነፋ። ያ ፊሽካ መካነ ሰላም ላይ ያላቆመው እግር የለም። ይሄነው ግን ተማሪ አልነበረም፤ ገመዱን መፍታቱን ቀጠለ። ኑርጃንም ዞራ አላየችም። ሁለተኛ ተነፋ፤ ከዚያ ዝም አለ። ዞር ስትል ሰውየው ወደ ቤት እየሮጡ ነው። አኮረፉ ብላ አሰበች፤ ያኩርፉ፣ እሷ አትወርድም።

አላኮረፉም። ጀሪካኑን በትከሻቸው ተሸክመው፣ የፍራሹን ማሰሪያ ገመድ በአንገታቸው አንጠልጥለው እየተንገዳገዱ መጡ። ከግማሽ በላይ ውሃ አለው፤ ገና ሁለተኛው ቀን ነው። ዳሩ ላይ ቆመው ክዳኑን ፈቱና ዘቀዘቁት።

ከኋላቸው የተከተለችው ሩፋይዳ ደንግጣ፣ አባ የመጠጡን ነው እኮ አለቻቸው። በብርጭቆ ሲለካ የኖረው የመካነ ሰላም ውሃ ጉልጉል እያለ ሐይቁ ውስጥ ገባ። ሲያልቅ ክዳኑን በጥርሳቸው ጭምር አጥብቀው ዘጉት፤ ጫማቸውን ሳያወልቁ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ባዶውን ጀሪካን የኑርጃን ወገብ ላይ በገመዱ አሰሩት። ከዚያ እሳቸውም ጀልባው ላይ ወጡ። ይሄነው የሰው ትዳር ውስጥ ላለመግባት ብሎ ወደ ሌላ አየ።

እዚህ ላይ አንቱታው ይቅር። ጀልባ ውስጥ ቁጢጥ ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከንፈሩን ለዱዓ የሚያንቀሳቅስን ሰው አንቱ ማለት አይመችም። ጀላል መሀል እስኪደርሱ የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጁ እንደጨበጠ ነበር። ይሄነው መቅዘፉን ሲያቆም ነው ዓይኑን የገለጠው።

«ዋና አልችልም» አለ። «አንቺ ብትወድቂ፣ ዳር ቆሜ ፊሽካ ከመንፋት ሌላ ምን አደርጋለሁ?»

ኑርጃን የአሥራ አንዱን ዓመት ንፋስ፣ ደመናና ፀሐይ በሆዷ እንደገና ቆጠረች። እጇን ውሃው ውስጥ ነከረች፤ ይቀዘቅዛል። ከሩቅ፣ ከዳሩ፣ የሩፋይዳ ድምፅ መጣ፤ ስለ ሽንኩርት ነው። እንዳልሰማች ሆነች። ጀላል ስንት ደቂቃ እንደሆነ ጠየቀ፤ የእሱንም እንዳልሰማች ሆነች።

ትንሽ ቆይታ ግን አንድ ነገር አየች። እሷ ወገብ ላይ ብትወድቅ የሚያንሳፍፋት ባዶ ጀሪካን ታስሯል። እሱ ወገብ ላይ ምንም የለም።

የቀሩትን ቀናት የከተማውን ውሃ ጠጡ። ሆዱን የነፋው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ሁለት ቀን ተጋደመ። በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አረፈ ማለት ይቻላል፤ እየቃተተም ቢሆን ለልጆቹ ተጋደምኩ ሳይሆን ነፃ እረፍት ላይ ነኝ ይላቸው ነበር።

ዘንድሮም ነሐሴ ተጋመሰ፤ ወረቀቱም ተሰመረ። የመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያ መስመር ላይ ጀልባ ይላል፣ በተቆጣጣሪ። ሸህ ሀቢቡላህ መርቀው ሲጨርሱ መኪናው እንደ ዕድል ገና ቆሞ ነበር። ረዳቱ ቢጫውን ጀሪካን አይቶ ምን እንደሆነ ሲጠይቅ፣ መምህሩ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ኑርጃን ውሃ ነው አለችው። ተሳፋሪው መሳቅ ጀመረ። እሷ ወደ መስኮቱ አልዞረችም።

ረዳቱ አጠገቡ ያለውን ሌላ ጀሪካን ብድግ አደረገ፤ ቀሎት እጁ ወደ ላይ ሄደ።

«ይሄኛው ባዶ ነው እኮ፣ እናቴ። ባዶ ጀሪካን ምን ያደርግላችኋል?»

«እሱ የጀላል ነው» አለች ኑርጃን። ከእጁ ተቀብላ ክዳኑ መጥበቁን አየችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።