ቤት የጠበበው ኮምፒውተር

(ሳሎን። ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ጠረጴዛው ላይ አንድ አሮጌ የኮምፒውተር ሳጥን ጎኑ ተከፍቶ ተቀምጧል። ዘወትር ከላዩ የሚለብሰው ወፍራም የክር ዳንቴል ተጣጥፎ ወንበር ላይ ነው። ወለሉ ላይ ከጉልበት የሚያልፍ አዲስ ባዶ የኮምፒውተር ሳጥን ቆሟል። ሊቁ የቤቱ አባወራ ነው፤ አላውቅም ሲል ተሰምቶ ስለማያውቅ ዘመድ ሁሉ በዚህ ስም ይጠራዋል። ቀስዬ የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከአነጋገሩ ነው።)

ሊቁ፦ ታሞ አይደለም አልኩህ! ቤት ጠቦት ነው!

ቀስዬ፦ ብቻውን አይደል እንዴ የሚኖረው?

ሊቁ፦ ማን?

ቀስዬ፦ ኮምፒውተሩ። ስንት ሆነው ገብተው ነው የጠበባቸው?

ሊቁ፦ (ካቻቪቴውን እያወዛወዘ) ና ውስጡን እየው! ማዘርቦርዱ፣ ሃርድ ዲስኩ፣ ማራገቢያው፣ ይሄ ሁሉ ገመድ... ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ነው ያሉት። ሲጣበቅ ይሞቀዋል፣ ሲሞቀው ይናደዳል፣ ሲናደድ ድርግም ይላል። በየሃያ ደቂቃው! እህትህ ደግሞ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በዚሁ ኮምፒውተር የሥራ ቃለ መጠይቅ አለባት። ስድስት ወር የጠበቀችው ሥራ ነው። መሃል ላይ ድርግም ቢልባትስ?

ቀስዬ፦ ጠጋኝ ቢያየው አይሻልም ነበር? እሷም ጥራ ስትልህ ሰምቻለሁ።

ሊቁ፦ እኔ በቁሜ እያለሁ ጠጋኝ? ምን ብዬ እንደማልኩላትስ አልሰማህም?

ቀስዬ፦ «ዛሬ ቢጠፋ፣ ሁለተኛ እዚህ ቤት ውስጥ አውቃለሁ አልልም» ብለህ።

ሊቁ፦ እንዲህ እንዲህ ያለውን ስትሰማ ጆሮህ አይሰንፍም።

ቀስዬ፦ ግን ጋሼ፣ እኔ ላይ እኮ አንድም ቀን ጠፍቶ አያ...

ሊቁ፦ አንተ ምን ትሠራበታለህ? ፊልም ነው የምታይበት! ፊልም ዝም ብሎ ያልፋል፣ አያደክመውም። እህትህ ስትጽፍ ግን አብሯት ያስባል። በል ብሎን ያዝ።

(ሊቁ እየፈታ ያቀብላል። ቀስዬ ከዳቦ ቤት ባመጣው የኬክ መጋገሪያ ጎድጓዶች ውስጥ ብሎኖቹን ለየብቻ ያስቀምጣል። ድንገት ስልኩን ያወጣል።)

ቀስዬ፦ ቆይ ቆይ፣ ፎቶ ላንሳ።

ሊቁ፦ (ፀጉሩን እያስተካከለ) ጥሩ አስበሃል። በዚህ በኩል አንሳኝ፣ ካቻቪቴውም ይታይ።

ቀስዬ፦ አንተን አይደለም። ውስጡን ነው፤ ገመዶቹ ሳይነቀሉ።

ሊቁ፦ ምን ያደርግልሃል?

ቀስዬ፦ ድንገት እጅህ ላይ ቢሞት፣ ለእህቴ ማስታወሻ ይሆናታል።

ሊቁ፦ አፍህ ላይ ይቅር! ብሎን ያዝ!

(ዕቃው አንድ በአንድ ወደ ትልቁ ሳጥን ይዛወራል። ቀስዬ አንገቱን ሳጥኑ ውስጥ አስገብቶ ይመለከታል።)

ቀስዬ፦ ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ባዶ ቦታ ምን ሊገባበት ነው?

ሊቁ፦ አየር።

ቀስዬ፦ አየሩን አብረው ሸጡልህ?

ሊቁ፦ አየር ይሸጣል እንዴ? ከፊት ለፊት ይገባል፣ ሞቆ ከላይ ይወጣል። እነዚህ ጣሪያው ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ጌጥ መሰሉህ?

ቀስዬ፦ አሮጌውም እኮ ጣሪያው ላይ ቀዳዳ አለው።

ሊቁ፦ አለው፤ ግን ጠባብ ነው።

ቀስዬ፦ ቀዳዳው?

ሊቁ፦ ቤቱ! ቤቱ! በእናትህ አታድክመኝ።

ቀስዬ፦ እሺ። ሦስት ብሎን ተርፏል።

ሊቁ፦ ይተርፋል። እጁ የተፍታታ ሰው ሲሠራ ሁልጊዜ ይተርፈዋል። በል አሁን ተመልከት።

(ሊቁ እንደ ሙሽራ አባት ቀጥ ብሎ ቆሞ የማብሪያውን ቁልፍ ይጫናል። ምንም የለም። ደግሞ ይጫናል።)

ሊቁ፦ መብራት ሄዷል።

ቀስዬ፦ ፍሪጁ ይጮኻል።

ሊቁ፦ እንግዲያው ማዘርቦርዱ ደንግጦ ነው። ቤት ሲቀይር የማይደነግጥ ማን አለ? ትንሽ ይልመድ።

ቀስዬ፦ (ስልኩን እያየ) ፎቶው ላይ እዚህ ጥግ ሁለት ቀጫጭን ገመዶች ተሰክተዋል። አሁን ግን ቦታው ባዶ ነው።

ሊቁ፦ እነሱ ለማሳመሪያ ናቸው።

ቀስዬ፦ እዚህኛው ሳጥን ላይም ሁለት ተንጠልጥለዋል። ከማብሪያው ቁልፍ ነው የሚመጡት።

ሊቁ፦ (ጉሮሮውን እየጠረገ) ታየዋለህ ወይስ አታየውም ብዬ ልፈትንህ ነበር። ሰካው።

(ቀስዬ ይሰካል። ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ ስክሪኑ ይበራል። ሊቁ እጁን ወደ ጣሪያው ይዘረጋል።)

ሊቁ፦ አላልኩም? አላልኩም ወይ! ትንፋሹን ስማው፣ አሁን ቤት አገኘ። በል ዳንቴሉን አምጣ።

ቀስዬ፦ አሁኑኑ?

ሊቁ፦ እማማ በእጃቸው የሠሩትን ልንተወው? እዚህ ቤት የእናትህን ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ አለ? ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ራዲዮኑ ለብሷል። ደግሞ ከእህትህ ጋር እየመጡ ነው። ራቁቱን ያግኙት?

ቀስዬ፦ እማዬም ትመጣለች?

ሊቁ፦ ለትልቁ ሳጥን አዲስ ዳንቴል ይዘው! ልኩን ከሁለት ሳምንት በፊት በስልክ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። አቧራ እንዳይገባ በአራቱም ጎን እስከ መሬት ይውረድ አልኳቸው። «የኔ አስተዋይ» ነው ያሉኝ።

(የድሮውን ዳንቴል ከላይ ያነጥፋል። ከኋላ በኩል ያጥራል።)

ሊቁ፦ ለጊዜው ፎጣ ጨምርበት። ወፍራሙን!

ቀስዬ፦ (እየሸፈነ) እኛ ሊጥ ቶሎ ኩፍ እንዲልልን ስንፈልግ ነው እንዲህ የምናደርገው። ትኩስ ዳቦ ሲሆን ግን...

ሊቁ፦ ኮምፒውተር ሊጥ ነው?

ቀስዬ፦ አይደለም።

ሊቁ፦ ዳቦ ነው?

ቀስዬ፦ አይደለም።

ሊቁ፦ ታዲያ ብሎን... ብሎኑም አልቋል። ዝም ብለህ ሻይህን ጠጣ።

(ሻይ ይጠጣሉ። ሊቁ ስለ አየር ዝውውር ያስረዳል። ሃያ ደቂቃ ያልፋል። ገና «አየር ማለት» እንዳለ ስክሪኑ ድርግም ይላል። ሊቁ ዘሎ ይነሳል።)

ሊቁ፦ አበቃልኝ! አሁንም ጠቦታል ማለት ነው! ስንት ሰዓት ነው?

ቀስዬ፦ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ።

ሊቁ፦ ከዚህ የሚሰፋ ምን አለ? የእህትህ ቁም ሳጥን! ሩጥ፣ ልብሱን አራግፍ! ቁም ሳጥኑ ውስጥ እንከተዋለን!

ቀስዬ፦ ጋሼ፣ ቁጭ በል። እኔ ላይ ጠፍቶ አያውቅም።

ሊቁ፦ ፊልም ነው አልኩህ!

ቀስዬ፦ ሁለት ፊልም አከታትዬ ነው የማየው። አንዳንዴ ሦስት።

ሊቁ፦ (ቆም ብሎ) ሦስት? ሳይጠፋ? ምን አድርገህ?

ቀስዬ፦ ምንም። ከዳቦ ቤት ስመለስ እጄ ቅቤ በቅቤ ነው። የእማዬን ዳንቴል ካቆሸሽኩ ደግሞ ትገድለኛለች። ስለዚህ መጀመሪያ ዳንቴሉን አነሳለሁ። እናንተ ልትመጡ ሲል መልሼ አለብሰዋለሁ።

(ሊቁ ጣቱን ፎጣው ስር ሰደድ ያደርጋል።)

ሊቁ፦ እፍ! እሳት ነው!

(ፎጣውንና ዳንቴሉን ገፍፎ ይጥላል። ትንሽ ይጠብቃሉ። ቀስዬ ቁልፉን ይጫናል። ኮምፒውተሩ ይነሳል።)

ሊቁ፦ (በቀስታ) ከመጀመሪያውም ዳንቴሉን ማንሳት ብቻ ነበር?

ቀስዬ፦ ይመስለኛል።

ሊቁ፦ ለምን አልነገርከኝም?

ቀስዬ፦ ብሎን ይዤ ነበር።

(ከውጭ የመኪና በር ሲዘጋ ይሰማል። ቀስዬ በመስኮት ያያል።)

ቀስዬ፦ መጡ። እህቴ ፊቷ ገርጥቷል፣ ፈርታለች መሰለኝ። እማዬ ደግሞ ብርድ ልብስ ታቅፋለች።

ሊቁ፦ (ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ) ብርድ ልብስ አይደለም። ዳንቴሉ ነው። በአራቱም ጎን፣ እስከ መሬት! ካለበስነው እህትህ ሥራዋን ታጣለች። ካላለበስነው እማማ ይቀየሙኛል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዓይናቸውን አጥፍተው ሲሠሩልኝ! ቀስዬ፣ ምን ይሻለኛል?

ቀስዬ፦ አንተ አታውቅም?

ሊቁ፦ ... አላውቅም።

ቀስዬ፦ እስቲ ድገመው።

ሊቁ፦ አላውቅም አልኩህ! ደረጃው ላይ ደርሰዋል!

(ቀስዬ ሳይቸኩል አዲሱን ሳጥን ወደ ጠረጴዛው ስር ይገፋዋል። አሮጌውን ባዶ ሳጥን ይዘጋና ስክሪኑ አጠገብ፣ ሰው በደንብ የሚያየው ቦታ ላይ ያቆመዋል።)

ቀስዬ፦ እህቴ የምትሠራበትን ታገኛለች፣ እማዬም የምታለብሰውን ታገኛለች።

ሊቁ፦ ለዚህማ ይሰፋዋል!

ቀስዬ፦ ልኩን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ በላ።

ሊቁ፦ እኔ? ተሳሳትኩ ልበል?

(በሩ ይንኳኳል።)

ሊቁ፦ እሺ፣ እላለሁ! ግን ባዶ እኮ ነው! ውስጡ ምን አለ ብለው ቢጠይቁኝስ?

ቀስዬ፦ (በሩን ሊከፍት እየሄደ) አትስጋ ጋሼ። እማዬ አንተን ማክበር ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው። አንድ ቀን ውስጡ ምን አለ ብላ ጠይቃ ታውቃለች?